ሰማያዊው ፋኖስ

ተሳፋሪው ወርዶ ሻንጣውን ሲያነሣ፣
ለእሱ አለቀ ጉዞው፤ ለእኛ ገና ተነሣ።
ባዶውን ባቡር ትንሿ ጎታች በጭራው ትይዘዋለች፣
እንደ ሰከረ አጎት እየጎተተች ከግቢ ታስገባዋለች።

ዊኒፔግ ነው። ጥር። በፈረንጆቹ ሃምሳ ሁለት።
እኔ ቁጥር ጸሐፊ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፤
እርሳስ በጆሮዬ፣ ወረቀት በደረቴ
(ቀለም ይረጋል በብርዱ፣ እንኳን ቀለም ጣቴ)፣
የትኛው ፉርጎ በየትኛው ሐዲድ፣ ማን ከማን ኋላ እንደሚቆም
እየዞርኩ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ በውርጭ እስኪታመም።

አሥራ ሁለት ሐዲድ፣ አሥራ ሁለቱም ሙሉ።
የነፓራስካ ጓድ ባልዲውን ይዞ ይገባል፣
የቫንኩቨርን አቧራ ከወንበር ያራግፋል፤
የተረሳ ጓንት፣ ግማሽ ብርቱካን፣ አንድ ቀን የሕፃን ጥርስ።
ጥርሷን በመሐረብ ቋጠረቻት። ለምን? አልጠየቅኋትም።
ውጭው ሁሉ በረዶ፣ እኛ ግን በረዶ እንጭናለን፣
ለምግብ ፉርጎው ሣጥን፣ ቅቤው እንዳይቀልጥ ብለን፤
ውስጡ በእንፋሎት ይፈላላ፤ ቱቦው ለግማሽ ሰዓት ቢነቀል
ውሃው ቧንቧ ውስጥ ይደርቅና ብረቱን ይቀደዋል።

ከሁሉ በላይ አንዲት ሕግ ነበረች።
ከፉርጎ ሥር ሰው ሲገባ ሰማያዊ ፋኖስ ይሰቅላል፤
ፋኖሱ እስካለ ድረስ ያን ባቡር ማን ይነካል?
የሰቀለው እጅ ካልሆነ ሌላ እጅ አያወርደውም፣
አለቃም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢሆን።

ያን ማታ የሰቀለው ሆርዲ ነበር፣
እጀታዋ ረጅም መዶሻ የያዘው።
መንኮራኩር ይመታል፤ ጤነኛው እንደ ደወል ያቃጭላል፤
ሕመምተኛው እንደ ነቃ እንስራ “ዷ” ብሎ ዝም ይላል።

የምሥራቁ ባቡር ሊነሣ አርባ ደቂቃ ሲቀረው
ፋኖሱ ተሰቅሏል። ሆርዲ የለም።
አለቃው ማክኬችኒ ከማማው ወረደ፣ ኮቱን ሳይቆልፍ።
“ማን አየው?” ማንም።
አልጋ አንጣፊው ኤልስዎርዝ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ ከደረጃው ላይ፦
“ወደ ጥገናው ቤት ሲሮጥ አየሁት።”
“ሲሮጥ?”
“አዎ ጌታዬ። በስልሳ ዓመቱ ሲሮጥ።”

እኔን ላኩኝ። አገኘሁት፤ ከአሮጌው ሲግትሪግ ፊት
ኮፍያውን አውልቆ፣ “ጆሮህን አበድረኝ” ይላል፤
“ጉንፋን ደፍኖኛል። አንዴ ደወል፣ አንዴ ሸክላ ይለኛል።”

ሦስት ሆነን ተመለስን።
ሲግትሪግ ሻሹን ፈታ፣ ጆሮውን ለውርጩ ሰጠ።
ሆርዲ መታ።
ግቢው ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ጸጥ አላለም፤ እንፋሎቱ ያፏጫል።
“ነቅቷል” አለ ሽማግሌው።
ሃያ ሁለት ሰው ሊተኛበት ነው፤ መንኮራኩሩ ነቅቷል።

ማክኬችኒ ሰዓቱን አይቶ ተሳደበ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፤
ወረቀቴን ነጥቆ በገዛ እርሳሴ ሰረዘ።
ሆርዲ ፋኖሱን በራሱ እጅ አወረደ።
ጎታቿ መጣች፤ ፉርጎውን እንደ በሰበሰ ጥርስ ነቀለች፣
ተጠባባቂውን ከሐዲድ ዘጠኝ አምጥታ ሰካች፤
ነጭ ፋኖስ ላይ ታች ሲል፣ ና። ወደ ጎን ሲወዛወዝ፣ ቁም።
ሃያ ሁለቱን አልጋ ኤልስዎርዝና ፓራስካ እንደ አዲስ አነጠፉ፤
አንሶላው ከእጅ ወደ እጅ፣ ትራሱ በጥርስ ተነክሶ
በበረዶው ላይ ተሻገረ፤
አንድም መሬት አልነካ።
(እሺ፣ አንዱ ነካ። አራግፈን አነጠፍነው።)

አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ።
ከመድረኩ ላይ ፀጉራም ኮት የለበሰች ሴት
“መቼም እነዚህ ሰዎች!” ስትል ሰማሁ፤
እጄን አውለበለብኩላት።
መዝገቡ ላይ የጻፍኩት፦ “መንኮራኩር። ሐዲድ አራት።” በቃ።

ግቢው ዛሬ የለም፣ ሐዲዱም ተነቅሏል።
ሆርዲ መዶሻውን ለማን እንደተወ አላውቅም።
እኔ ግን ብርጭቆ ባጠብኩ ቁጥር ጠርዙን በማንኪያ እነካለሁ፤
ካቃጨለ እጠጣበታለሁ።